ለቁልቢ እየመጣሁ ነው፤ ድሬና ሐረር በጾም ምን ይበላል?

ማሪት_ሽሮሜዳ | ኅዳር 27፣ ማታ 2:40

ሰላም የቤቱ ሰዎች።

ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል እመጣለሁ። ስለት አለብኝ፤ የምኑን አትጠይቁኝ። ከበዓሉ በፊት ሁለት ቀን ድሬዳዋ፣ ከበዓሉ በኋላ ሁለት ቀን ሐረር ልቆይ አስቤያለሁ። ምሥራቁን አላውቀውም። አዋሽን ተሻግሬ እንኳን አላውቅም።

ጥያቄዬ ስለ ምግብ ነው። ሰው ሁሉ “ድሬ ሄደሽ ፉል ሳትበዪ እንዳትመለሺ” ይለኛል። የት ነው ስል ግን “ማንንም ጠይቂ፣ ያሳዩሻል” ነው መልሱ። እስቲ እናንተ በስም ንገሩኝ። ምግብ ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ ዋጋውን። ገበያም መዞር እፈልጋለሁ፤ ቅመም እገዛለሁ። የምግብ ፌስቲቫል ምናምን ካለም ጠቁሙኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እኔ የነቢያትን ጾም እየጾምኩ ነው፤ እስከ 6 ሰዓት እህል አልቀምስም። አብሮኝ የሚመጣው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጾም የሚባል ነገር በአጠገቡ አልፎ አያውቅም። ለሁለታችንም የሚሆን ነገር ፈልጉልን።

የድሬ_ባጃጅ | ኅዳር 27፣ ማታ 3:05

አቦ እንኳን ደህና መጣሽ! ገና ሳትመጪ።

ጥያቄሽ ላይ ግን አንድ ነገር ላርም። “የት” ብለሽ ጠየቅሽ። ድሬ ላይ ምግብ የሚጠየቀው “በስንት ሰዓት” ተብሎ ነው። አስራ አንድ ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። ተሳፋሪ “ጥሩ ምግብ ቤት ውሰደኝ” ሲለኝ መጀመሪያ ሰዓቴን ነው የማየው።

ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ከተማው የፉልና የፈጢራ ነው። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ያድራል። ጠዋት ይፈጫል፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ከሙን ይገባበታል። እንደ ምርጫሽ እንቁላል። ዳቦው ትኩስ ነው፣ በእጅሽ እየቆረስሽ ትጠቅሺያለሽ። ማንኪያ ከጠየቅሽ የአዲስ አበባ ልጅ መሆንሽ ይታወቃል። 4 ሰዓት ላይ ብትመጪ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል።

ምሳ ላይ ሩዝና ፓስታ ነው። በፍየል፣ በግመል፣ በበግ። ሩዙ አጠገብ ሙዝ ቢቀመጥልሽ ለማወራረጃ አይደለም፣ አብረሽ ነው የምትበይው። የሱማሌ ወግ ነው።

ከዛ ከተማው ይዘጋል። ይዘጋል ስልሽ እየቀለድኩ አይደለም። ሙቀቱ ነው። ሱቁ ይቆለፋል፣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። እስከ 9፣ 10 ሰዓት ድረስ እኔን ራሴን አታገኚኝም።

ፀሐይዋ ስትወርድ ሁለተኛ ጠዋት ይመጣል። ሳምቡሳ፣ ባጂያ የሚባለው የጥራጥሬ ጥብስ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ መንገድ ዳር ይጠበሳል። ጁስ ቤቱ ይሞላል። ቤተሰብ ከነልጁ ከዚራ ዛፎች ሥር ይንሸራሸራል። ያኔ ነው ድሬ ድሬ የምትሆነው።

“በስም ንገሩኝ” ላልሽው፣ ስም የላቸውም። እኔ ፉል የምበላበትን ቤት ሰማያዊው በር ነው የምንለው። በሩ ግን ከተቀባ ቆይቷል። አሁን አረንጓዴ ነው።

ማሪት_ሽሮሜዳ | ኅዳር 27፣ ማታ 3:20

በጣም ነው የማመሰግነው። እርስዎ ያሉትን ሁሉ ጽፌ ያዝኩ። ሰማያዊው በር ግን አረንጓዴ ከሆነ እንዴት ነው የማገኘው?

የድሬ_ባጃጅ | ኅዳር 27፣ ማታ 3:22

ድሬ ላይ “እርስዎ” የለም አቦ። አንተ በይኝ። ሽማግሌውንም ሀብታሙንም አንተ ነው የምንለው፣ ማንም አይቀየምም።

ቤቱን ለማንም ባጃጅ ሰማያዊው በር በይው፣ ያደርስሻል።

አርብ_ረቡዕ | ኅዳር 28፣ ጠዋት 1:15

ባጃጁ ጥሩ ብሏል ግን ጥያቄውን አላነበበም። ልጅቷ እስከ 6 ሰዓት አትበላም። ፉሉ 4 ሰዓት ያልቃል። የት ያገናኛቸዋል?

እኔ ድሬ ተወልጄ አድጌ ሁሌም ጿሚ ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ፈተና አውቀዋለሁ። ማሪትዬ፣ ፉል ማታም አለ። ሁሉም ቤት አይደለም፣ ግን መጋላ ሰፈር በኩል ማታ 1 ሰዓት ላይ ፉል የሚያወጡ ቤቶች አሉ። የጠዋቱን ያህል አይሆንም። የጠዋቱ ገና ከእሳት የወረደ ነው፣ ወፍራም ነው። የማታው ትንሽ ይቀጥናል። ግን ይበላል።

ስታዝዢ “የጾም” በይ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገባዋል። እንቁላሉና እርጎው ይቀራል፣ ዘይቱ ይቆያል። ፈጢራ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሊጡ በዘይት ተስቦ ተስቦ እንደ ሻሽ ይሳሳል፣ ከዛ እንቁላል ውስጡ ተደርጎ ይታጠፋል። “ያለ እንቁላል፣ በማር” በይ። ቅቤ ይቀቡት እንደሆነም ጠይቂ።

ሳምቡሳም የምስር አለ፣ የሥጋ አለ። በዓይን አይለይም። ከመግመጥሽ በፊት ጠይቂ። እኔ አንድ ሁዳዴ ላይ ሳልጠይቅ ገምጬ ግማሹን ከዋጥኩ በኋላ ነው ያወቅሁት። የነፍስ አባቴ ሳቁብኝ።

ሙሸበኩ ዱቄትና ስኳር ነው፣ ያለ ሐሳብ ብዪ። ማታ ቢጫና ቀይ ሆኖ ተቆልሎ ታዪዋለሽ። ጣትሽ ላይ ይጣበቃል። ነጭ ልብስ አትልበሺ።

ቢንያም_ቢራቢሮ | ኅዳር 28፣ ጠዋት 2:00

ለጾም ሄዶ ስለ ሆድ መጨነቅ ምን ይሉታል 😂

አርብ_ረቡዕ | ኅዳር 28፣ ጠዋት 2:04

ጿሚ ስለ ምግብ ካላሰበ ምን ሊያስብ ነው?

ቀፊራ_ነኝ | ኅዳር 28፣ ከቀኑ 5:30

ስለ ገበያው እኔ ልመልስ። ቀፊራ ውስጥ እናቴ ቅመም ስትሸጥ ነው ያደግሁት።

ቀፊራ በጠዋት ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ድረሺ። በሩ ቅስት ቅስት ያለው ነው፣ ስታዪው ታውቂዋለሽ። ኦሮሞው ከገጠር አትክልቱን፣ ሱማሌው ወተቱን፣ አፋሩ ከቆላው የመጣውን ይዞ እዛው ይገናኛል። አንድ ሻጭ ከአንቺ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛዋ ጋር በሱማሌኛ እያወራች ሒሳብ አትሳሳትም። እናቴ ሦስቱንም ትችል ነበር፣ ማንበብ ግን አትችልም።

ለቅመም የምትመጪ ከሆነ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ከሙንና አብሽ ላይ አተኩሪ። የተፈጨ አትግዢ። ፍሬውን ግዢና ቤትሽ ፍጪው። ተፈጭቶ የተቀመጠ ቅመም ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ያስፈጨው ብቻ ነው። ሄሉን አንድ ፍሬ ከፍተሽ እዪው። ውስጡ ጥቁርና ትንሽ የሚጣበቅ ከሆነ አዲስ ነው። ግራጫ ሆኖ ከረገፈ ከርሟል፣ ተይው።

ዋጋ አልጽፍልሽም። ዛሬ የጻፍኩት አንቺ እስክትመጪ ይለወጣል፣ ያኔ እኔን ትወቅሺኛለሽ። ይልቅ የመጀመሪያዋ ሻጭ ጋር አትግዢ፣ ሦስተኛዋ ጋር ግዢ።

አሸዋ ገበያ ደግሞ ሌላ ነው። እዛ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ የታሸገ ብስኩት፣ ቴምር። ከጅቡቲ በኩል የሚገባው ነው። ለምግብ ብዙም አይደለም። ቴምር ብቻ ግዢ፣ ለጾም ጥሩ ነው።

ፎቶ ስታነሺ ጠይቂ። ጠይቀሽ እምቢ ካሉሽ ካሜራሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ትንሽ ነገር ግዢ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው “ነይ አንሺን” ይሉሻል።

ለገሃሬ_በቶሮንቶ | ኅዳር 28፣ ማታ 4:50

ልጆች፣ አስለቀሳችሁኝ። 41 ዓመት ሆነኝ ከወጣሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ለገሃሬ አጠገብ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሲያፏጭ እናቴ ምጣዱን ታወርድ ነበር፣ ሰዓት አልነበራትም። አባቴ ከባቡር የሚወርደውን ቴምር በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል፣ ሰርዲንም ያመጣል። ሰርዲን በቃሪያና በሽንኩርት ተደርጎ በዳቦ፣ እሱ ለኛ ድግስ ነበር። እዚህ ሀገር ያለው ሰርዲን እንደዛ አይጣፍጥም። ያው ሰርዲን ነው ይሉኛል ልጆቼ፤ አይደለም።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ “የሱማሌ ወግ” ያለውን ልጨምርበት። ድሬ ራሷን የፈጠረው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራው ከበዳቸው። በ1895 ዓ.ም. ቆላው ላይ ቆመ፤ ከተማ በቀለበት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ሁሉ ከባቡሩ ጋር ወረደ። ምግባችሁን እዩት እስቲ። ፉል፣ ፈጢራ፣ ሙሸበክ፣ ስማቸው ራሱ ዐረብኛ ነው። ስፓጌቲው የጣሊያን። ሳምቡሳው ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ። እኛ ቃሪያ ጨመርንበት።

ልጄ ማሪት፣ ከዚራን ስታልፊ ለኔ ብለሽ አንድ ሻይ በሄል ጠጪ።

ማሪት_ሽሮሜዳ | ኅዳር 28፣ ማታ 5:10

እጠጣለሁ እማማ። ቃሌ ነው።

ሐኪም_ጋራ | ኅዳር 29፣ ጠዋት 3:40

ይሄን ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ። ከመልሶቻችሁ ውስጥ ሐረር የሚል ቃል አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እሱም ባቡሩ ሊገባባት ያልቻለች ተብላ።

ጀመዓ፣ ድሬ የትናንት ከተማ ናት። ምግብ ከሐረር ነው የወረደው። ሁለት ቀን ደግሞ አይበቃም፣ ሦስት አድርጊው።

መጀመሪያ ጃኬት ያዢ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ የሚለወጠው። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ጆሮሽ ይደፈናል። ወደ ቀኝ ቁልቢ ነው፣ ወደ ግራ እኛ ነን። አወዳይ ላይ መኪናው ለጫት ይቆማል። ሹፌሩ ለራሱም ይገዛል፣ አትናደጂ።

ሐረር ስትገቢ ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ እደሪ። የሐረሪ ቤት በእንግዳ ማረፊያነት የሚያከራዩ አሉ። ግድግዳው በሙሉ ስፌት ነው፣ መደቡ በቀይ ተቀብቶ ደረጃ ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱ የማን መቀመጫ እንደሆነ ይታወቃል። የሐረሪ ምግብ ምግብ ቤት ውስጥ ብዙም አታገኚም፤ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድመሽ ለባለቤቷ ንገሪያት። ሑልበት መረቅ ይሠሩልሽ በይ። አብሽ ተዘፍዝፎ፣ ተመትቶ ተመትቶ አረፋ እስኪሆን፣ ከዛ ከመረቁ ጋር። በኡኻት ነው የሚበላው፣ ኡኻት ማለት የኛ ዳቦ ነው።

አንቺ ጾመኛ ስለሆንሽ መረቁ ለወንድምሽ ይሁን፣ ሥጋ አለበት። ላንቺ ቁጢ አለ። የቡና ቅጠል ነው። ፍሬው አይደለም፣ ቅጠሉ። በወተት ይጠጣል፣ አንቺ ግን ያለ ወተት በጨው ትጠጪዋለሽ። ሐሸርም አለ፣ እሱ የቡናው ገለባ ነው። ሌላው ሀገር ቡናውን ጠጥቶ ገለባውን ይጥላል። እኛ ፍሬውን ለዓለም ሸጠን ቅጠሉንና ገለባውን ራሳችን ጠጣነው፤ ማን እንደተጠቀመ አላህ ያውቃል።

ቡና የምትገዢ ከሆነ ጥሬውን ግዢ። የኛ ቡና አይታጠብም፣ ከነቀይ ልብሱ ፀሐይ ላይ ነው የሚደርቀው። ስትቆዪው ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተው ለዛ ነው።

የድሬ_ባጃጅ | ኅዳር 29፣ ጠዋት 3:55

ሐረሮች ስለ ምግብ ሲጽፉ እንደዚህ ነው። ማሪት ገና ሐረር ሳትደርስ ጠገበች።

ሐኪም_ጋራ | ኅዳር 29፣ ጠዋት 4:01

ወርያ፣ አንተ ራስህ የአባትህ ሀገር ሐረር አይደል እንዴ?

የድሬ_ባጃጅ | ኅዳር 29፣ ጠዋት 4:03

የእናቴም። ለዛ ነው የማውቃችሁ 😄

ሰሎሞን_ዘቢሾፍቱ | ኅዳር 29፣ ከቀኑ 7:20

ወንድምየውን ረሳችሁት። የግመል ሥጋ ለክርስቲያን እንዴት ነው? ባለፈው ሄጄ ጓደኞቼ “በግ ነው” ብለው አብልተውኛል።

አወያይ | ኅዳር 29፣ ከቀኑ 9:00

ስለ ሃይማኖት የተጻፉ አራት አስተያየቶች ተነስተዋል። ክሩ የምግብ ነው። ወደ ምግቡ ተመለሱ።

አርብ_ረቡዕ | ኅዳር 29፣ ማታ 1:30

አወያይ ሳያነሣብኝ በአጭሩ። እኛ ጋ ነገሩ ቀላል ነው። ሥጋ ቤቱና ምግብ ቤቱ የማን እንደሆነ በሩ ላይ ይታወቃል፣ ወይ መስቀል አለ ወይ ጨረቃ። ካልታየህ ትጠይቃለህ። መጠየቅ ስድብ አይደለም። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ዒድ ሲሆን ለኔ ብላ ሥጋ ያልነካ ሩዝ በሌላ ድስት ትሠራለች። እኔም ለገና ለነሱ ለብቻው በግ አሳርዳለሁ፣ የሚያርደው የራሳቸው ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። “በግ ነው” ብሎ ማብላት ግን ቀልድ አይደለም፣ ነውር ነው። እነዛ ጓደኞችህ ድሬዎች አይመስሉኝም።

ጁገል_ውስጥ_ተወለድኩ | ኅዳር 30፣ ጠዋት 2:10

የምግብ ፌስቲቫል ለጠየቅሽው፣ አዳራሽ ተከራይቶ ድንኳን ተጥሎ የሚደረገውን ማለትሽ ከሆነ እሱን አትጠብቂ። የኛ በዓሎች ራሳቸው ናቸው የምግብ ፌስቲቫል።

ትልቁ ሹዋሊድ ነው። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ስድስት ቀን ይጾማል፤ እሱ ሲፈታ ሦስት ቀን ይከበራል። ዚክር አለ፣ የሐረሪ ልብስ አለ፣ ልጃገረዶች ተውበው ይወጣሉ። ድሮ ለትዳር መተያያም ነበር። ኅዳር 2016 ላይ ዩኔስኮ መዘገበው። ቤቱ ሁሉ እንግዳ ይጠብቃል፣ ከውጭ ሀገር የሚመጣው ሐረሪ ብዛቱ! በጨረቃ ስለሚቆጠር ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ለታኅሣሥሽ አይደርስልሽም።

ዓሹራ ደግሞ የጅቦቹ ነው። ሙሐረም 10 ላይ ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። ድሮ ረሃብ ነበረ፣ ጅቡ ሰው ላይ መጣ፣ ከዛ ገንፎ እየሰጡ ታረቁ ይባላል። አያቴ በደንብ ከበላው ዓመቱ ጥሩ ነው፣ ካልነካው ግን ክፉ ነው ትል ነበር። ቅቤው ሲያንስ ጅቡም እንደሚያውቅ ትነግረን ነበር።

በየማታው ቱሪስት የሚያየው ጅብ ሥጋ ሲጎርስ ነው፣ ፈላና በርና ሰንጋ በር በኩል። ሂጂ እዪው፣ ግን ማታ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ። ሰውየው ጅቡን እያጎረሰ አንቺ ስትራቢ ደስ አይልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግድር መጋላ ሥጋ ተራው ጋ ስታልፊ የያዝሽውን ምግብ ደብቂ። ጣራው ላይ ጭልፊቶች ተሰልፈው ነው የሚውሉት። ከእጅ ላይ ነው የሚወስዱት።

ማሪት_ሽሮሜዳ | ኅዳር 30፣ ከቀኑ 6:15

ጭልፊት እንኳን አያስቸግረኝም፣ እኔ ሥጋ አልይዝም 😊

ማሪት_ሽሮሜዳ | ታኅሣሥ 25፣ ማታ 2:00

ተመለስኩ። ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት ልስጥ። ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሆቴሉን በስልክ በአንድ ዋጋ ይዤ ስደርስ “ለቁልቢ ዋጋው ሌላ ነው” ተባልኩ። ተከራከርኩ፣ አልሆነም። ስለ ድሬ ክፉ ያሰብኩት ያኔ ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ወንድሜ በ1 ሰዓት ተነስቶ ሰማያዊው በር ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ እሱ ሲበላ እኔ ሳይ። ሽታው! ዳቦው ሲቆረስ እንፋሎቱ ይወጣል። አስተናጋጁ ባዶ እጄን ሲያይ “ጿሚ ነሽ?” አለኝ። አዎ ስለው ምንም ሳይል ሄዶ ትንሽ ፉል በእቃ ቋጥሮልኝ መጣ። “6 ሰዓት ሲሆን ሆቴልሽ አሙቂው፣ የጾም ነው” አለኝ። ሒሳብ አልተቀበለም። አሞቅኩት። ቀዝቃዛም ቢሆን እበላው ነበር።

የማታውንም መጋላ በላሁ። አርብ_ረቡዕ ልክ ነሽ፣ ይቀጥናል።

ቀፊራ ውስጥ ሦስተኛዋ ሻጭ ጋር ልግዛ ብዬ ስቆጥር ሁለተኛዋ “አሁን ሦስተኛ ጋ ልትሄጂ ነው አይደል?” አለችኝ። ሁሉም ያውቁታል መሰለኝ! እሷ ጋ ገዛሁ። ሄሉን ከፍቼ አየሁት፣ ጥቁር ነው።

እማማ ቶሮንቶ፣ ከዚራ ላይ ሻይ በሄል ጠጣሁልዎ። ሁለት ብርጭቆ። ለገሃሬ ሄጄ የድሮውን ጣቢያ በር ፎቶ አነሳሁ፣ ለየብቻ እልክልዎታለሁ።

ቁልቢን አልጽፍም። ደረስኩ፣ ስለቴን አገባሁ። ሌሊቱን ከድሬ በእግራቸው የወጡትን ሰዎች ሳይ በመኪና መምጣቴ አሳፈረኝ። መንገድ ዳር ንፍሮ ገዝቼ በላሁ፣ እስከ ዛሬ ከበላሁት ንፍሮ ሁሉ ይበልጣል። ርሃብ ስለነበረ ይሆናል።

ሐረር። ሐኪም_ጋራ፣ ሦስት ቀን አደረግሁት። ሑልበቱን ወንድሜ በልቶ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው። የቤቱ እመቤት ለኔ ከመረቁ በፊት ትንሽ አብሽ ለብቻው አስቀርታ በቃሪያና በቲማቲም አደረገችልኝ። ማንም አልነገራትም፣ እንግዳ ጿሚ መሆኗን ወንድሜ ሲያወራ ሰምታ ነው። ባቢሌ ለውዝ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በጎድጓዳ ሰሐን ሁሌም አለ፣ ሳላስበው ስንት እንደበላሁ አላውቅም።

አሁን ጭልፊቱ። ጁገል_ውስጥ፣ ትስቂብኛለሽ። ግድር መጋላ ጋ የምስር ሳምቡሳ ይዤ ነው የማልፈው። ሥጋ አይደለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ። ከኋላዬ ነው የመጣው። ክንፉ ጆሮዬን መታኝ፣ ሳምቡሳውም ወረቀቱም የለም። ጣራው ላይ ተቀምጦ ቀደደው። ምስር ሲያይ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? ጣለው። ወንድሜ “አየሽ፣ እሱም አይጾምም” አለኝ።

ጁገል_ውስጥ_ተወለድኩ | ታኅሣሥ 25፣ ማታ 2:12

😂😂😂 ነግሬሽ ነበር!

ለገሃሬ_በቶሮንቶ | ታኅሣሥ 25፣ ማታ 5:40

ፎቶው ደረሰኝ ልጄ። በሩን አየሁት። ቀለሙ ተለውጧል፣ ግን እሱ ነው።

ቢንያም_ቢራቢሮ | ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት 3:00

የፉሉ ቤት ስሙ ማን ነበር? ለገና ልሄድ ነው።

የድሬ_ባጃጅ | ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት 3:04

ሰማያዊው በር። አረንጓዴ ነው።

ማሪት_ሽሮሜዳ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 1:45

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከዛ አላስቸግራችሁም። ከሐረር ቁጢ ገዝቼ መጥቼ ዛሬ አፈላሁት። መራራ ሆነ። እዛ የጠጣሁት እንዲህ አልነበረም።

ሐኪም_ጋራ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 2:10

ቅጠሉን ምጣድ ላይ አመስ አደረግሽው ወይስ ዝም ብለሽ ውሃ ውስጥ ከተትሽው?

ማሪት_ሽሮሜዳ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 2:13

አመስኩት። ሽታው እንኳን ጥሩ ነበር።

ሐኪም_ጋራ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 2:14

ምን ጨመርሽበት?

ማሪት_ሽሮሜዳ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 2:15

ስኳር።

ሐኪም_ጋራ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 2:15

ጨው አቦ! ጨው ነው ያልኩሽ።